የጣሊያኗ ሙሾ አውራጅ

አክስቴ ሙሾ ስታወርድ ሰው ይቆስል ነበር። ማጋነን የምወድ እንዳይመስላችሁ፤ በዓይኔ ያየሁትን ነው የምናገረው። መሳለሚያ አንድ ሰውዬ ሚስቱ ሞታበት እንደ ድንጋይ ደርቆ ተቀምጦ ሳለ፣ አክስቴ አጠገቡ ቆማ ሁለት ስንኝ ብትጥልበት ጊዜ ብድግ ብሎ ግንባሩን ከድንኳኑ ምሰሶ ጋር ያላትመው ጀመር። ጎረምሶች ተረባርበው እስኪይዙት ድረስ ደሙ ነጭ ጋቢው ላይ ወርዷል። ሴቶቹ ፊታቸውን ቧጥጠው፣ ደረታቸውን ደቅተው፣ ማታ ወደየቤታቸው ሲገቡ ድብድብ ውለው የመጡ ነበር የሚመስሉት። በማግስቱ ግን ያ ሰውዬ ቁርስ በላ። ለዚህ ነው አዲስ ከተማ ውስጥ ሰው በሞተ ቁጥር መጀመሪያ ድንኳን፣ ቀጥሎ አክስቴ የምትጠራው።

ሲያዩዋት ከሲታ ናት፤ ንፋስ የሚወስዳት ነው የምትመስለው። አፏ ግን ምላጭ። የእናቴ ታላቅ እህት ናት፤ ከጎጃም አብረው መጥተው፣ መርካቶ፣ በርበሬ በረንዳ ጀርባ ባለው ግቢያችን አብራን ትኖር ነበር። እናቴና እኔ በረንዳው ላይ በርበሬ እንሸጣለን፤ እሷ ሰው ታስለቅሳለች። አንድ ጊዜ የሰፈራችን ኩሊ ጆንያ እንደተሸከመ ወድቆ ሞተ። ወገን የለው፣ ዘመድ የለው፤ አክስቴ ማንም ሳይጠራት ሄደች። ቃሬዛው ሲነሳ እንዲህ አለች፦

የሰው ዕቃ አዝሎ ሲኖር እየሮጠ፣
ዛሬ ቀን ወጣለት ሰው ላይ ተቀመጠ።

እነዚያ ለማንም የማያዝኑ ኩሊዎች መሬት ላይ ተንከባለሉ። ግጥሙ ነው እንዳትሉኝ። ያንኑ ግጥም እኔ ብለው ኖሮ ሰው ይስቅብኝ ነበር። ድምጿ ነው።

ድምፅ መፍራትን ከአክስቴ ተማርኩ፤ መስማትን ያስተማሩኝ ግን የግቢያችን ልብስ ሰፊ ናቸው። ወሎዬ ሙስሊም ነበሩ፣ ጋሼ እንላቸዋለን፤ ሱቃቸው ከግቢያችን በር አጠገብ ያለች ጠባብ ክፍል ናት። በወጣትነታቸው አንድ ጣሊያን ልብስ ሰፊ ዘንድ ሠርተው፣ ሰውዬው አገሩ ሲገባ በእጅ የሚጠመዘዝ ግራማፎንና ጥቂት ሸክላ ትቶላቸው ሄደ። ሸክላዎቹ ላይ አንዲት ሴትዮና አንድ ሰውዬ አሉ። እንደኛ ዘፈን አይደለም፤ ቲያትር ቤት ቆመው፣ ፊታቸው ያ ሁሉ የሙዚቃ መሣሪያ እየተነፋና እየተመታ፣ ያለ ማይክራፎን የሚዘፍኑ ናቸው። ኦፔራ ይባላል አሉን። ጋሼ ጣሊያንኛ ይችላሉ ቢባልም የሚችሉት ሁሉ ስለ ኮሌታና ስለ እጅጌ ስለሆነ፣ ሴትዮዋ ምን እንደምትል ሊነግሩን አልቻሉም። እኔም እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ማወቅም አልፈልግም።

መጀመሪያ ሰሞን አክስቴ ያንን ሸክላ ስትሰማ ትንጨረጨር ነበር። ማንን እያረዱ ነው፣ ይቺን ሴትዮ የሚገላግላት ሰው ጠፋ እንዴ እያለች በራቸው ላይ ቆማ ትሳደባለች። ጋሼ ታጋሽ ሰው ነበሩ፤ አንድ ቀን ግን መቀሳቸውን ጠረጴዛው ላይ ወረወሩና፣ መጀመሪያ ቁጭ ብለሽ ስሚ፣ ከዚያ ትሰድቢያለሽ አሏት። አክስቴ በእልህ ገብታ ቁጭ አለች። ክንዷን አጣምራ፣ ከንፈሯን አጣማ፣ ሸክላው እስኪያልቅ ንቅንቅ አላለችም። ሲያልቅ ይድገሙት አለች። ሲደገም ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ እንደ ተናደደ ሰው ጋሼን አፍጥጣ አየቻቸውና፣

«ይቺ ሴትዮ የምትተነፍሰው መቼ ነው?» አለች።

ጋሼ ሳቁ። እኔም ጣሊያኑን ስጠይቀው የኖርኩት ይህንኑ ነው አሏት። ከዚያን ቀን ወዲህ አክስቴ ለቅሶ በሌለባት ቀን ሁሉ እዚያች ሱቅ ውስጥ ናት። ሁለቱ ሲጨቃጨቁ እኔ በርበሬዬን ትቼ እሰማለሁ። አክስቴ፣ ሴትዮዋ ድምጿን ከደረቷ አይደለም የምታወጣው፣ ከወገቧ ነው ትላለች፤ የራሷን እጅ እዚህ፣ ከእምብርቷ በላይ አስደግፋ ታሳየናለች። ከጉሮሮ የሚጮህ ሰው ሁለት ለቅሶ ሳይውል ይዘጋል፣ ከሆዱ የሚያወጣ ግን እስኪያረጅ ይኖራል ነው የምትለው። ጋሼ ደግሞ በሙያቸው ነው የሚያስረዱት። ሴትዮዋ ከወፍራሙ ድምፅ ተነስታ ወደ ቀጭኑ ስትወጣ ስፌቱ የቱ ጋ እንዳለ አይታይም፤ የሌላ ሰው ድምፅ እዚያ ላይ ሲደርስ ይቀደዳል፣ ወይ ይጣፋል፤ የእሷ ከአንድ ጣቃ የተቆረጠ ነው ይላሉ።

እኔን የገረመኝ ሌላ ነገር ነው። መርካቶ ውስጥ ያደገ ሰው ጩኸት ያውቃል። ባለ ጋሪው ይጮሃል፣ ደላላው ይጮሃል፣ የታክሲ ረዳቱ ይጮሃል፤ ሁሉም ሲጮህ የአንዱም አይሰማም። ይቺ ሴትዮ ግን ድምጿን ዝቅ፣ ዝቅ ስታደርገው ጭራሽ ይበልጥ ይሰማል። እንደ ክር የቀጠነች ድምፅ ትይዝና፣ ከፊቷ ያ ሁሉ ሙዚቃ እየተጋጨ፣ እሷ በላዩ ላይ አልፋ ትመጣለች። ልትበጠስ ነው ስትሉ አትበጠስም። ታዲያ የሚያሳምመው እሱ ነው። ዝም ብሎ የሚያምር ድምፅ ብዙ አለ፤ ከዚያ ወዲህ በቴፕም በቴሌቪዥንም የሰማሁት ሞልቷል፤ ያስደስታል፣ ያልፋል። ትልቅ ድምፅ ግን የሰውን አንጀት ይዞ አይለቅም። አክስቴ፣ ይህቺ ለቅሶ ላይ ናት ብላ ከፈረደች በኋላ ማንም ሌላ ሊያስረዳት አልቻለም።

የሱቋ ሌላ ደንበኛ አንድ ወጣት ኩሊ ነበር። የእናቴን ጆንያ የሚሸከም፣ እትዬ እትዬ የሚላት፣ ቤታችን ምሳ የሚበላ ልጅ ነው። ዞር በል ብሎ ሲጮህ መንገዱ ሁሉ ለሁለት ይከፈልለታል። ጋሼ ድምፁን ስለሚወዱት፣ ይህ ልጅ ጣሊያን አገር ቢወለድ ቲያትር ቤት ያስገቡት ነበር ይሉ ነበር። እሱም ይህን ከሰማ ወዲህ ሸክሙን አውርዶ በሩን ተደግፎ ይሰማል። የሰውዬውን ሸክላ ደረቱን ነፍቶ ይከተላል፤ የሴትዮዋን ደግሞ በቀጭኑ ያፏጫል፣ የቱ ጋ እንደምትነሳ፣ የቱ ጋ እንደምታርፍ ልቅም አድርጎ። ወንድሜ ግን ከሁሉም ባሰ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበር፤ የእናቴን ነጠላ ራሱ ላይ ጣል አድርጎ፣ እጁን ዘርግቶ ጣሊያኗን ሲሆን እናቴ በርበሬውን ትታ ሆዷን ይዛ ትስቃለች። ድምፁ የውሃ ቧንቧ ሲደርቅ የሚያወጣውን ነው የሚመስለው። እናቴ በዓለም ላይ የምትስቀው በእሱ ብቻ ነበር።

ከዚያ ያ ጊዜ መጣ። የሚያውቅ ያውቀዋል፤ የማያውቅ ደግሞ እንኳን አላወቀው። ኩሊው ልጅ አብዮት ጥበቃ ሆኖ ጠመንጃ ያዘ። እንደ ያዘም ጀርባው ተቃና፣ እትዬም ቀረ። በጠራራ ፀሐይ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር መጥቶ ወንድሜን ከምሳ ላይ አነሳው። ወንድሜ ጉርሻው በእጁ ነበር። እናቴ ጠመንጃውን ይዛ ስትለምነው እጇን በሰደፍ መታው። ይህ እጅ ያጎረሰህ ነው አልኩት፤ እኔንም በጥፊ አጮለኝ። አፌ ውስጥ የደሜን ጨው እየቀመስኩ ሳየው፣ ምንም የሚያውቀን አይመስልም ነበር። ወንድሜን ከዚያ ወዲያ በሕይወት አላየነውም።

ያገኘነው በማለዳ፣ በርበሬ የጫኑ መኪኖች የሚቆሙበት ጥግ ላይ ነው። ከሌሎች ሁለት ልጆች ጋር ተደርድሮ፣ ደረቱ ላይ ወረቀት ተለጥፎበት። ሸሚዙ ጋሼ የሰፉለት ነው። ጣቶቹን አየኋቸው፤ ያደረጉትን አልናገረውም። ሰው ተሰብስቧል። እናቴ ሄዳ ልትወድቅበት ስትል ያ ኩሊ ከነጠመንጃው መሐል ገብቶ ቆመ። ያ መንገድ የሚከፍል ድምፁ ሰፈሩን ሁሉ ሞላው።

«የአብዮት ጠላት ተመትቷል። እልል በይ።»

እናቴ አየችው። አፈሙዙን ወደኔ አዞረ። አክስቴ በጎኔ ቆማ ክንዴን ጨብጣኝ ነበር፤ ጥፍሯ ሥጋዬ ውስጥ ገብቶ ደም አውጥቷል፣ ያኔ ግን አልተሰማኝም። እናቴ እልል አለች። እንደዚያ ያለ ድምፅ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ሰምቼ አላውቅም፤ ቀጭን፣ ቀጥ ያለ፣ ትንፋሽ የሌለበት። ያ ሁሉ የአዲስ ከተማ ሰው ጆሮውን መድፈን ፈልጎ እጁን ማንሳት ፈራ። ከዚያ ሬሳውን በመኪና ጭነው ወሰዱት፤ የት እንደቀበሩት አልነገሩንም። ማልቀስ አይቻልም ተባልን። ድንኳን የለም፣ ጥቁር የለም፣ መሬት መቀመጥ የለም። ለአናርኪስት ያለቀሰ አናርኪስት ነው።

እናቴም አላለቀሰችም። ችግሩ ይሄ ነው፤ ተደብቃም አላለቀሰችም። ብርድ ልብስ ውስጥ ገብተሽ አልቅሺ ብንላት ዓይኗ ደረቅ ነው። ከበረንዳው ትመለሳለች፣ ሙቀጫዋን ትይዛለች፣ ትወቅጣለች። እህል አትቀምስም። ጥርሷን ከመንከሷ ብዛት ድዷ ይደማል፤ ውሃ ስትጠጣ ጣሳው ቀይ ይሆናል። ሆድ ይፍጀው ይላል ሰው፤ ሆድም እኮ ልክ አለው። አክስቴ አንድ ቀን ወደ ጓዳ ጎትታ አስገባችኝና፣

«ያ እልልታ ጉሮሮዋ ላይ ቆሟል። እሱን በለቅሶ ካላስወጣሁላት እህቴ ትሞታለች» አለችኝ።

የስንቱን ባዕድ ልጅ ሸኝታ የራሷን እህት ልጅ አፏን ይዛ እንደ ሌባ መቀመጧ ቆሽቷን አሳርሮታል። አልቅሼ ይግደሉኝ ብላ ተነሳችም፤ ግን እንደሚገድሏት፣ ምናልባት እኔንም እናቴንም እንደሚጨምሩ ታውቃለች። መላውን ያመጡት ጋሼ ናቸው። ልብስ ሊለኩን የመጡ መስለው፣ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ ጥለው ገቡና፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ማልቀስ የተከለከለው እኛ ነን፣ ጣሊያኗን የከለከላት የለም አሉ። ሸክላውን ሰፈሩ ሁሉ ለምዶታል፣ ጥበቃዎቹም ሰልችቷቸዋል፤ እሷ ታልቅስልን። እንባውስ አልኳቸው። አክስቴ ወደ ጓዳው ጥግ አየች። ያልተቀነጠሰ ዛላ በርበሬ በጆንያ ቆሟል።

በርበሬ የቀነጠሰ ሰው ያውቀዋል። ሴቶች ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ፣ ዛላው መሐል ይፈሳል፣ እንጨቱ እየተነቀለ ፍሬው ይራገፋል። ብናኙ ሲነሳ ሁሉም ያስነጥሳል፣ ይስላል፣ እንባው ይወርዳል። ለቅንጠሳ ሠፈርተኛ መጥራት ደግሞ የተለመደ ነው። በርበሬ የሚቀነጥስን ሰው ለምን ታለቅሳለህ ብሎ የጠየቀ ጥበቃ እስካሁን አልተወለደም። ከዚህ የተሻለ ድንኳን ከየት ይመጣል?

እሑድ ከሰዓት ነው፣ ጥበቃዎቹ ስብሰባ ላይ ናቸው በሚባልበት ሰዓት። ጎረቤት ሴቶች መጡ፤ ሁሉም ነገሩን ያውቃል፣ ማንም አይናገርም። እናቴን መሐል አስቀመጥናት። ጋሼ ግራማፎናቸውን ደፋቸው ላይ አውጥተው ጠመዘዙና መርፌውን አስቀመጡት። ጣሊያኗ ጀመረች። መጀመሪያ ሁላችንም አንገታችንን ደፍተን መቀንጠስ ብቻ። ከዚያ አክስቴ፣ ሴትዮዋ ባረፈችባት ቦታ ላይ፣ በሹክሹክታ እንዲህ አለች፦

ደብተር ይዞ ወጥቶ ሲመለስ የኖረ፣
ምነው ቤት ጠፋበት መንገድ ላይ ያደረ።

ወይኔ ወንድሜ! ክቡ ውስጥ ያለች ሴት ሁሉ ተንሰቀሰቀች። ጣሊያኗ ትነሳለች፣ እኛ በእሷ ሥር እናለቅሳለን፤ ጣሊያኗ ታርፋለች፣ አክስቴ ሁለት ስንኝ ታስገባለች። ሁለቱ ሴቶች አገር ለአገር ሳይተዋወቁ አንድ ሬሳ ተቀባበሉ። እኔ ወንድሜን ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት፤ በርበሬ በነካ እጄ ዓይኔን እያሸሁ፣ ማቃጠሉ ደስ እያለኝ። እናቴ ግን ትቀነጥሳለች። ሸክላው አለቀ፣ ጋሼ መልሰው ጠመዘዙት። አሁንም እናቴ ትቀነጥሳለች። አክስቴ ዓይኗን ከእህቷ ላይ አልነቀለችም፤ አሁን እምቢ ካለች እንደማትመለስ ገብቷታል። ጋሼ እንደገና ሲያስነሱት አክስቴ ከተቀመጠችበት ብድግ አለች።

እጇን ከእምብርቷ በላይ አስደገፈች። ጣሊያኗ ወደ ላይ መውጣት ስትጀምር አብራት ወጣች። ቃል የለውም፤ የወንድሜን ስም ብቻ ነው የጠራችው፣ አንዴ፣ ረጅም አድርጋ። ከጣሊያኗ እኩል ሄደች፣ ከዚያ አለፈቻት። ብዙ ድምፅ ሰምቻለሁ ብያችኋለሁ። ያን ቀን የሰማሁትን የሚስተካከል የለም። የግቢው ቆርቆሮ ሲነዝር ሰማሁት ብል ታምኑኛላችሁ? ጋሼ እጃቸው መጠምዘዣው ላይ ቀርቶ እንባቸው ፈሰሰ። እናቴ ቀና አለች። አፏ ተከፈተ፣ ከዚያ እንደ ጨርቅ የሚቀደድ ነገር ከውስጧ መጣ። እናቴ ድምፅ አልነበራትም፤ በርበሬ ስትወቅጥ ኖራ ጉሮሮዋ ሻካራ ነው። በዚያ ሻካራ ድምፅ ልጄን አለች፣ ልጄን፣ ልጄን። ደረቷን በሁለት እጇ ትመታለች።

አንድ ነገር ረስተን ነበር። ጥበቃ ሁሉ ደንቆሮ ነው ብለን ነበር የተነሳነው። የሰማ ሁሉ ሸክላ ነው ብሎ ያልፋል ብለን፣ ያ ኩሊ ስንት ቀን በዚያ በር ተደግፎ እንደሰማ፣ የሸክላውን እያንዳንዷን ትንፋሽ እንደሚያውቅ አንዳችንም አላሰብንም። ከስብሰባው ሲመለስ በመንገድ ላይ ሰምቶ ቆሟል። ማንም ሌላ ሰው ቢሆን ያልፍ ነበር። እሱ ግን በሩን ገፍቶ ገባ፣ ክቡን አየ፣ እንባችንን አየ፣ ጆሮውን ወደ ግራማፎኑ አዘነበለ። ጋሼ በርበሬ ነው፣ ሙዚቃ ነው ሊሉት ሞከሩ።

«እዚህ ጋ ዝም ነው የምትለው» አላቸው። «እዚህ ጋ ድምፅ የላትም።»

መርፌውን በጣቱ አነሳው። ጣሊያኗ ቀጥ አለች። የእናቴ ለቅሶ ብቻውን፣ ራቁቱን ቀረ። እናቴ ሸክላው መቆሙን እንኳ አላወቀችም፤ ልጄን ማለቷን ቀጠለች። አክስቴ ፊቷን አዙራ፣ ሰምተኸናል፣ ድምፅ የሚገባህ አንተ ብቻ ነህ፣ ተወን ልጄ አለችው። በሰደፉ አፏን መታት። የጥርሷን ድምፅ ሰማሁ፤ በርበሬው ላይ ወድቃ ደሟ ከዛላው ጋር አንድ ሆነ። ሸክላውን አንስቶ ከጉልበቱ ላይ ሰበረው፣ ግራማፎኑን ረገጠው፣ ጋሼን በጫማው ሆዳቸውን መታቸው። እኔ ዘልዬ የጠመንጃውን ማንገቻ ያዝኩ። አፈሙዙ እዚህ፣ የትከሻ አጥንቴ ላይ አረፈ፤ እስከ ዛሬ ክረምት ሲገባ ያመኛል። አምላኬ ይቅር ይበለኝ፣ ያን ቀን ቢላ ቢኖረኝ ኖሮ ሰው ገድዬ ነበር።

ከዚያ ወደ እናቴ ዞረ። ዝም በይ ብሎ ትከሻዋን መታት። እናቴ ቀና ብላ፣ ወንድሜን ከወሰዱት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው አየች።

«መታኸኝ እኮ» አለችው። «የተመታ ሰው ማልቀስ ተከልክሏል? ምታኝ ልጄ። ምታኝና ላልቅስ።»

መታት። እናቴ ጮኸች፣ የወንድሜን ስም ጠራች። እንደገና መታት፤ እንደገና ጠራችው። ዝም እንድትል ነው የሚመታት፤ በመታት ቁጥር ግን ለቅሶዋ ይሰፋል። ጀርባዋን፣ ክንዷን፣ ጭኗን። ልንይዘው ስንሞክር እናቴ ራሷ ተዉት አለችን። በመጨረሻ ክንዱ ደከመ፤ ላቡ እየወረደ፣ ጠመንጃውን ይዞ መሐላችን ቆመ። ያ መርካቶን ለሁለት የሚከፍል ድምፁ የት እንደገባ እንጃ፣ አንድ ቃል አልወጣውም። ጋሼን አስነስቶ እየገፈተረ ወሰዳቸው። ጋሼ ከቀበሌ ሲወጡ ውስጥ እግራቸው ተልጦ በሰው ጀርባ ነው የመጡት፤ የስፌት መኪናቸውን ለመርገጥ ክረምት አለፈባቸው። አክስቴ ደግሞ የፊት ጥርሶቿ ከረገፉ ወዲህ ድምጿ በጎን እያፏጨ ስለሚወጣ ሙሾ አውርዳ አታውቅም። ሲጠሯት፣ እኔ የመጨረሻዬን ጨርሻለሁ ትላለች።

ያን ዕለት ግን ጩኸቱን የሰማ ሠፈርተኛ ሁሉ መጣ። ለወንድሜ ብሎ ማንም በግልጽ ደጃችንን ረግጦ አያውቅም ነበር፤ ሐዘን መድረስ ያስገድላል። የተደበደበች ጎረቤት መጠየቅ ግን አልተከለከለም። ምን ሆነች ብለው በሩ ላይ ጮክ ብለው ይጠይቃሉ፣ ተመትታ ነው ይባላሉ፣ እግዜር ይማራት ብለው ይገባሉ። ከገቡ በኋላ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መሬት ላይ ይቀመጣሉ። ከሶማሌ ተራ ሳይቀር መጡ፤ ኩሊዎቹም መጡ፣ ቆባቸውን አውልቀው ጥግ ላይ ቆሙ። ቤቱ ሞልቶ ግቢው ሞላ። እናቴ በተላጠ ጀርባዋ መሐላቸው ተቀምጣ፣ ልጇን በስሙ እየጠራች፣ እስክትጠግብ ድረስ አለቀሰች።